ሃያ ሦስት ጊዜ «ኳ»

ልጅ ሳለሁ፣ እስራኤል አገር አሽቀሎን በገባን በሁለተኛው ዓመት፣ ግቫት ጺዮን ሰፈር ውስጥ በአንድ ሕንጻ የመጨረሻው ፎቅ ላይ እንኖር ነበር፤ ከመንገዱ እስከ በራችን ስልሳ አራት ደረጃ ነው። ደረጃውን የቆጠርኩት ቁልፍ በተሰጠን ቀን ነው። መቁጠር ያኔም ልማዴ ነበር። ከጎንደር ወደ ሱዳን በእግራችን ስንወርድ አባቴ «አንተ ከኋላ ሁን፣ ሰው ቁጠር» ብሎኝ ስለነበር፣ በየእረፍቱ ዘጠኝ ሰው እየቆጠርኩ ዘጠኝ ሰው አደረስኩ፤ ከዚያ ወዲያ ዓይኔ ያረፈበትን ነገር ሳልቆጥር ማለፍ አልሆነልኝም።

በሰፈራችን ዛሬ ወጣቱ ሁሉ የሚለው አንድ ቃል አለ። ከግቫት ጺዮን ተነስቶ ራማት ኤሽኮል ደርሷል፤ ከእሱ ሌላ አንድም የአማርኛ ቃል የማያውቁ ልጆችም፣ ወላጆቻቸው ከሞሮኮና ከሩሲያ የመጡትም ይሉታል። ቃሉ «ኳ» ነው። ትንሹን ልጄን ደውዬ «የመንጃ ፈቃዱ ፈተና እንዴት ሆነ?» ስለው «አባ፣ ኳ!» ብሎ ስልኩን ይዘጋብኛል። ለጥቂት ያለፈ ሰው «ኳ» አይልም። ያለምንም ጉድለት፣ ማንም «ግን» ብሎ የሚጨምርበት ነገር ሳይተርፍ የተሳካ እንደሆነ ነው የሚባለው፤ ልጅቷ መኮንን ሆና ስትመረቅ፣ ልጁ ከሁለት ተጫዋች መሐል ኳሷን አሾልኮ ሲያገባ። ከየት እንደመጣ ሲጠየቁ አንዱ ኳስ የግቡን ብረት ስትመታ ከምታሰማው ድምፅ ነው ይላል። ብረት የመታች ኳስ አለመግባቷን ግን አያስብም። ሌላው በር ሲንኳኳ ነው፣ ዕድል መጣ ማለት ነው ይላል። እኔ እሰማለሁ፣ ዝም እላለሁ። ቃሉ የተወለደበትን ቀን፣ ቦታውንና ስንት ጊዜ እንደተባለ የማውቅ ሰው ሆኜ ነው አርባ ዓመት ዝም ያልኩት።

እትዬ ያልጋነሽ የአባቴ ታላቅ እኅት ነበረች። ባሏን ሱዳን ቀብራ የመጣች፣ አንዲት ሴት ልጇ አዳሪ ትምህርት ቤት የገባችባት፣ ከእኛ ጋር በትንሿ ክፍል የምትኖር ቀጭን ሴት ነበረች። በአገራችን ሳለች ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ እናቷም፣ የእናቷም እናት። እዚህ ግን በሥራ ቢሮ ስሟ የተመዘገበው ለጽዳት ነበር። እሷም ተራዋን ስትጠብቅ መዳፏን ጭኗ ላይ ገልብጣ ትቀመጥ ነበር፤ ለእጇ የሚሆን ነገር ያጣች ሰው አቀማመጥ መሆኑ ያኔ አልገባኝም።

አንድ ቀን ከማትናሱ፣ ከሰፈሩ የባህል ቤት ማለት ነው፣ ሩት የምትባል ሴት ስልሳ አራቱን ደረጃ እያለከለከች ወጥታ መጣች። እትዬ ያልጋነሽ ሸክላ እንደምትሠራ ሰምታ ነበር። በቤታችን ከሁሉ የተሻለ ዕብራይስጥ የምናገረው እኔ፣ የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ፣ መሐላቸው ተቀመጥኩ። የሩት ሐሳብ ግልጽ ነበር። በጸደይ ለሰፈሩ ትርኢት ሃያ አራት ዕቃ ሠርታ ካቀረበች፣ በማትናሱ ምድር ቤት አንድ ክፍል ይሰጣታል፤ ጠረጴዛ፣ ውሃና መደርደሪያ ያለው፤ እዚያ እየሠራችና እያስተማረች ደመወዝ ታገኛለች። ካልሆነ ክፍሉን የሚፈልግ ሌላ ሰው ሞልቷል።

«መስኮት አለው ወይ በላት» አለችኝ እትዬ ያልጋነሽ።

መስኮት ነበረው። ሩት ደስ ብሏት ትንንሽ የሸክላ ሰዎችም እንድትሠራላት ጠየቀች። እትዬ ያልጋነሽ ፊቷን አጠቆረችና «ሰው የሠራ እግዚአብሔር ነው በላት። እኔ የምሠራ ማሰሮ ነው» አለችኝ። እኔ ለሩት «ሰው ይከብዳል አለች» ብዬ ተረጎምኩላት። በትርጉሜ ኮራሁ፤ ሩትም ሳቀች፣ ነገሩም አለፈ።

አፈሩን ራሷ አገኘችው። አዲስ ሕንጻ መሠረት ከተቆፈረበት ጉድጓድ ጥቁሩን አፈር አንስታ ምላሷ ላይ አደረገች፣ አኘከች፣ ተፋች፣ ራሷን ነቀነቀች፤ አራት ጆንያ ተሸክመን አመጣን። ችግሩ ሌላ ነበር። የሸክላ አፈር ብቻውን እሳት አይችልም፤ ስብራት ሸክላ፣ ገል የምንለው፣ ተወቅጦ ሲደባለቅበት ነው የሚጠነክረው። ገል ከየት ይመጣል? በአገራችን በየጓሮው ነበር። እዚህ ከፈረሱ ቤቶች የተጣለ የጣሪያ ሸክላ ለቃቅመን መጣንና መውቀጡ ለእኔ ተሰጠ። መስፈሪያችን የቲማቲም ቆርቆሮ ነበር፤ የሚያስፈልገው አርባ ቆርቆሮ ዱቄት።

እነዚያ ምሽቶች ናቸው በልጅነቴ ውስጥ እስከ ዛሬ የሚበሩት። ከትምህርት ቤት መልስ ጣሪያው ላይ እንወጣ ነበር፤ አምፖሉ በሽቦ ተንጠልጥሎ በባሕሩ ነፋስ ይወዛወዛል፣ ጥላችን በጣሪያው የውሃ ታንከሮች ላይ ይወጣል ይወርዳል፣ ቀዩ አቧራ በብርሃኑ ውስጥ እንደ ጭስ ይንሳፈፋል። እኔ እወቅጣለሁ፤ እሷ ጭቃውን እየረገጠች ተረት ትነግረኛለች። በአንዲት የጋዝ ምድጃ ላይ ሻይ ይንተከተካል፤ ከበታቻችን የጎረቤት ቴሌቪዥን ይለፈልፋል፤ እሷ ግን ያኔ ከጎንደር በታች ባለች መንደር ውስጥ ናት፣ እኔም አብሬያት።

ከነገረችኝ ሁሉ የቀለበቷን ሴት ተረት እወድ ነበር። አንዲት ባለ እጅ ነበረች አሉ፤ ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ሠርግ ትልቅ ጋን ታዘዘች። ጋኑ ከእሳት ሲወጣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረበት። ሴትዮዋ ግን የብር ቀለበት ነበራት። ገዢዎቹ ሲመጡ በቀለበቷ መታችው፤ በብር የተመታ ሸክላ ሁሉ ይዘምራልና ጋኑ አንቆረቆረ። ወሰዱት። በሠርጉ ዕለት ዳሱ ሞልቶ ሰው ሲበላ ጋኑ ለሁለት ተከፈለ፤ ጠላው ዳሱን አጥለቀለቀው፣ ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን አንጠልጥለው አግዳሚ ላይ ቆሙ፣ የሙሽራው አባት ጋቢው እስከ ወገቡ ራሰ። እዚህ ላይ ስትደርስ እትዬ ያልጋነሽ ቀሚሷን ሰብስባ ሽማግሌዎቹን እየሆነች ትዘል ነበር፤ እኔም በሳቅ ዘነዘናው ከእጄ ይወድቅ ነበር።

ከዚያ ግን ድምፅዋ ዝቅ ይላል። «የሌላ ሰው ዕቃ ሲሰበር ዕቃ ነው የተሰበረ። የእኛ ሲሰበር ዓይናቸው በላው ይሉናል፣ ቡዳ ይሉናል። በዚያች በአንዲት ቀለበት ሰባት ቤተ ሰብ አገሩን ለቆ ሄደ።» ከዚያ ወዲህ እናቶቻችን ሥርዓት አወጡ አለችኝ። ሸክላ የምትሸጥ ሴት ቀለበቷን ታወልቃለች፤ በባዶ የጣቷ አንጓ ዕቃውን ትመታለች፤ ዕቃው ያለውን ደግሞ በገዛ አፏ መልሳ ትለዋለች፦ «ኳ»። አፏ ያላለው ዕቃ አይሸጥም። አፏ ያለው ዕቃ የተሰበረ እንደሆነ ተጠያቂዋ እሷ ናት፤ ሌላ ሠርታ በራሷ ተሸክማ ትወስዳለች። «ከሸክላ ሠሪ ሌላ ይህን ቃል የሚል የለም» አለች። «ለመደሰቻ የሚሆን አይደለም።»

አሁን ወደ እኔ ልምጣ።

በአራት ምሽት አሥራ ሰባት ቆርቆሮ ወቀጥኩ። አንዱ ቆርቆሮ ስድስት መቶ ያህል ምት ይፈልጋል፤ የቀረው ሃያ ሦስት ነው፤ ስድስት መቶን በሃያ ሦስት አባዝቼ መዳፌን አየሁ፣ ሁለት ቦታ ቆስሏል። ልጆቹ በበኩላቸው ታች ሜዳው ላይ ኳስ እየተጫወቱ «ባዬ! ባዬ!» እያሉ ይጠሩኛል። በአምስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ባሕሩ ዳር ወረድኩ። አሸዋው ደቅቆ የተዘጋጀ ሆኖ ተዘርግቶ ነበር፤ ማንም መውቀጥ አያስፈልገውም። ሁለት ቦርሳ ሞላሁ። ቤት ስደርስ በእናቴ ወንፊት ነፋሁት፣ ቀይ እንዲመስል ከወቀጥኩት ዱቄት ጋር ለወስኩት፣ አርባውን ቆርቆሮ ሞልቼ አሰለፍኩና ኳስ ልጫወት ሄድኩ። ሥራን በአቋራጭ የጨረሰ ብልህ ልጅ የሆንኩ መሰለኝ።

ማታ እትዬ ያልጋነሽ ዱቄቱን በጣቶቿ መሐል አፈሰሰችው። «እሰይ የኔ ጌታ፣ ዛሬስ እንዴት አድርገህ አደቀቅኸው!» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። በዚያ አሸዋ ውስጥ ዱቄት የሆነ ዛጎል እንዳለ ከተራራ አገር የመጣች ሴት በምን ታውቃለች? እኔስ በምን አውቃለሁ?

ሃያ አራቱ ዕቃ በሦስት ሳምንት ተሠራ፤ ማሰሮ፣ እንስራ፣ ድስት፣ አንገታቸው እንደ ልጃገረድ የቀጠነ። በጠጠር አለሰለሰቻቸው፣ በጣሪያው ላይ አደረቀቻቸው። የሚቃጠሉበት ቀን ከሕንጻው ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ ላይ የባሕር ዛፍ ቅርፊትና አባቴ ከአንድ የላም በረት በጆንያ ያመጣውን ኩበት ከመርን። ከሰዓት በኋላ ተለኮሰ። ጭሱ ሲነሳ አንዲት የሞሮኮ አሮጊት ከመስኮት ሆና ሕንጻው ተቃጠለ ብላ ጮኸች፤ ጥቂት ቆይታ ግን ወንበር ይዛ ወረደች። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ተሰበሰበ፤ የእኛዎቹ፣ የሞሮኮዎቹ፣ የጆርጂያዎቹ። ፀሐይ ባሕር ስትገባ ፍሙ ቀላ፣ ከፍሙ ውስጥ የዕቃዎቹ ሆድ እንደ ጨረቃ ይታይ ጀመር። አንዱ እሳት ውስጥ ፈነዳ፤ እትዬ ያልጋነሽ ትከሻዋን ብቻ ነቀነቀች።

በረድ ሲል በረጅም እንጨት እያወጣች አሸዋው ላይ ደረደረቻቸው። ቀለበቷን ሱዳን ላይ በውሃ ለውጣው ነበርና የምታወልቀው አልነበራትም፤ ቢሆንም ባዶ ጣቷን እንደሚያወልቅ ሰው አሸት አሸት አደረገችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን ማሰሮ በአንጓዋ መታችው። ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። እሷም ዝግ ብላ «ኳ» አለች። ሁለተኛውን መታች። «ኳ።» በሦስተኛው ልጆቹ አብረው «ኳ!» አሉ። በአራተኛው አባቴም አለ፤ በአምስተኛው የሞሮኮዋ አሮጊት በጭብጨባ። ከዚያ በኋላ ሜዳው ሁሉ አንድ ላይ ይጮህ ነበር። እኔ እቆጥር ነበር። ሃያ ሦስት ጊዜ ተባለ፤ በሃያ ሦስተኛው ጊዜ ልጆቹ እኔን ትከሻቸው ላይ አውጥተው ፍሙን ዞሩ። እትዬ ያልጋነሽ ያን ቀን ስትስቅ የፊት ጥርሷ መሐል ክፍተት እንዳለ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

በማግስቱ እዚያው ሜዳ ላይ አንድ የጆርጂያ ልጅ ግብ አገባና እጁን ዘርግቶ «ኳ!» ብሎ ሮጠ። ቃሉ ከሸክላ ሠሪ አፍ ወጥቶ የልጆች የሆነው በዚያች ደቂቃ ነው። በሳምንቱ የሒሳብ ፈተና የደፈነ ሁሉ «ኳ» ይል ነበር። ልጆቹ የነበሩት በመጀመሪያው ቀን ነው። በአራተኛው ቀን፣ ዕቃዎቹን መልሰን በደረደርንበት ጣሪያ ላይ፣ ከእኛ በቀር ማንም አልነበረም።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ያልጋነሽ ልብስ ስታሰጣ ከዕቃዎቹ በኩል ትንሽ ድምፅ ሰማች፤ ዘይት ላይ ውሃ ጠብ ሲል የሚሰማ ዓይነት። ሄዳ አየች። ከአንዱ እንስራ ሆድ ላይ ጥፍር የምታህል ቅርፊት ተፈናጥራ ወድቃ ነበር፤ በቦታዋ ጉድጓድ፣ በጉድጓዱ መሐል ነጭ ነቁጥ። ነጩን በጣቷ ጫፍ አንስታ ምላሷ ላይ አደረገችው። አቃጠላት። «ይህስ ኖራ ነው» አለች ለራሷ። በዚያው ቅጽበት ሌላው ማሰሮ ጠስ አለ፣ ሌላውም። የተቃጠለ ዛጎል ኖራ እንደሚሆን፣ የባሕሩንም እርጥበት እየጠጣ ሸክላውን ከውስጥ እንደሚያፈነዳው እኔ ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሥራ ላይ ነው። እሷ በምላሷ ነው ያወቀችው።

«ባዬ፣ ያን ዱቄት ከየት አመጣኸው?»

ነገርኳት። አልመታችኝም፣ አልተቆጣችኝም። ነጩን ከምላሷ ላይ በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ «ባሕር» አለች፣ እንዲያው ቃሉን ብቻ። ያን ምሽት ተረት አልነገረችኝም። ሻይ አልፈላም።

በማግስቱ ሩት ከሁለት ሰዎችና ከመኪና ጋር መጣች። ዕቃዎቹን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ በእርግጥም ያምሩ ነበር፣ ጉድጓዶቹም ገና ጥቂት ነበሩ፣ ለማያውቅ ሰው ጌጥ ይመስሉ ነበር። ሰዎቹ ማሸግ ጀመሩ።

«ተዉ በላቸው» አለች እትዬ ያልጋነሽ። «አይሆንም በላት። ውሃ ሲነካቸው ይፈርሳሉ፣ ሳይነካቸውም ይፈርሳሉ። የሰው ቤት ገብተው ዱቄት ይሆናሉ።»

ነገርኳት። ሩት ግራ ገባት። ትርኢቱ አንድ ቀን ብቻ መሆኑን፣ ለአንድ ቀን እንደሚቆዩ፣ ማንም ውሃ እንደማይጨምርባቸው ነገረችኝ። ክፍሉንም አነሳች፤ አለቆቿ ዕቃዎቹን ካላዩ እንደማይሰጧት። ሁሉንም ለእትዬ ያልጋነሽ አስተላለፍኩ። እሷ መኪናውን፣ ከዚያ ዕቃዎቹን አየች።

«ኳ ብያለሁ» አለች በአማርኛ፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ አላወቅሁም። «አይወጡም።»

ሩት እንዴት እንደተበላሹ ጠየቀች። እትዬ ያልጋነሽ እኔን አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ «የዚህን አገር አሸዋ አላወቅሁትም በላት። ጥፋቱ የእኔ ነው በላት» አለች።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አስተካክዬ ተርጉሜ አላውቅም። አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አንድ ቃል አልቀነስኩም። ሩት «ኻቫል» አለች፣ ያሳዝናል ማለቷ ነው፤ የእትዬ ያልጋነሽን እጅ ጨብጣ ባዶ መኪናዋን ይዛ ሄደች። ክፍሉ ለልብስ ስፌት ተሰጠ። እትዬ ያልጋነሽ በሚቀጥለው ወር በአንድ ትምህርት ቤት ጽዳት ገባች፤ ሃያ ሁለት ዓመት እዚያው ሠራች። ሃያ ሦስቱን ዕቃ ማን እንደጣላቸው አላስታውስም፤ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጣሪያው ተጠርጎ ነበር።

ታሪኩ ግን አልተጣለም። ለዘመድ ወዳጁ ሁሉ «ያልጋነሽ ሙያዋ እዚህ አገር ሲደርስ ከዳት» ሆኖ ተነገረ። በየሠርጉ አንዱ ይነሳና «እስቲ እሷን ወደ ባሕር እንዳታስጠጓት፣ ማሰሮ ልትሠራ ነው!» ይላል፤ ሰው ይስቃል፤ እሷም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ፈገግ ትላለች። እኔም እስቅ ነበር። ስንት ጊዜ እንደሳቅሁ ብትጠይቁኝ፣ ከሕይወቴ ሁሉ ያልቆጠርኩት እሱን ብቻ ነው።

ከሠራዊት የወጣሁ ሰሞን በሥራዋ ቦታ ሄጄ አገኘኋት። የትምህርት ቤቱን ደረጃ ትወለውል ነበር። ለምን ጥፋቴን ለራሷ እንዳደረገችው ጠየቅኋት። መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ተቀመጠች።

«ኳ ያለው ማን ነው?» አለችኝ።

«ሁሉም ሰው አለ፣ እትዬ። ሜዳው በሙሉ።»

«ሜዳውማ ጮኸ። ያልኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ ያለ ቁጣ፣ «ያን ቀን ደግሞ አፉ የአንተ ነበር። እኔ በዕብራይስጥ ምን ልበል? የፈለግኸውን ልትላት ትችል ነበር። አይቼህ ነበር እኮ፣ ጠብቄህ ነበር» አለችኝ። ተነስታም ሥራዋን ቀጠለች፤ እግሬን እንዳነሳ በመወልወያው ጫፍ ነካችኝ።

እኔ ከዚያ ወዲያ የወለል ሰድር ማንጠፍ ጀመርኩ። ሲሚንቶና ጆንያ እየተሸከምኩ የተነሳሁ ሰው አሁን አሥራ አንድ ሠራተኛ አለኝ። ቤት ከማስረከቤ በፊት የጋብቻ ቀለበቴን ኪሴ ከትቼ በወለሉ ላይ እንበረከካለሁ፣ እያንዳንዷን ሰድር በጣቴ አንጓ እመታለሁ፤ ከሥሯ ባዶ የሆነች ሰድር ድምፅዋ ሌላ ነው። አንድ ተራ ወለል ከአራት መቶ በላይ ምት ይፈልጋል። ሠራተኞቼ አባባ ጉልበቱን ሊጨርስ ነው እያሉ ይቀልዱብኛል። በሥራዬ ማንም ቅሬታ አላመጣብኝም፤ በሰፈሩ «የባዬ ቤት ኳ ነው» ይላሉ። ይህን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር ብል ውሸት አይሆንም። ግን ቃሉን በራሴ አፍ አንድም ቀን ብዬው አላውቅም።

እትዬ ያልጋነሽ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት። በለቅሶዋም ላይ የአሸዋው ቀልድ ተነሳ፤ እያለቀስን ሳቅን፤ እኔ ያኔም ዝም አልኩ።

ባለፈው ወር የልጅ ልጇ ኦርሊ መጣች። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ማትናስ ውስጥ ከወጣቶች ጋር ትሠራለች። «ጋሼ ባዬ፣ ራክ ደካ!» ብላ ገባች፤ አንድ ደቂቃ ብቻ ማለቷ ነው፣ የእሷ አንድ ደቂቃ ከሰዓት አያንስም። ለሰፈሩ የኳስ ቡድን ሸሚዝ ልታሳትም ነው፤ ጀርባው ላይ «ኳ» ተብሎ ሊጻፍ፣ ከቡድኑ ሥዕል ጋር ደግሞ የቃሉ ታሪክ በአጭሩ ግድግዳ ላይ ሊሰቀል። ከእናቷ የሰማችውን ጽፋ ነበር። በስልኳ አነበበችልኝ። አያቷ ሸክላ ሠሪ እንደነበረች፣ በመጀመሪያው እሳት ጊዜ ሰፈሩ «ኳ» እያለ እንደጮኸ፣ ከዚያ ግን አያቷ የዚህን አገር አሸዋ ባለማወቅ ሁሉንም እንዳበላሸችው። እየሳቀች ነበር የምታነበው። «ጥሩ አይደል? ሳፍታ ሸክላውን አበላሽታ ቃሉን ሰጠችን።»

ሳፍታ ማለት አያት ነው። ኦርሊ ጥርሷ መሐል ክፍተት አለ።

በአማርኛ ጀመርኩላት። ገልን፣ ቆርቆሮውን፣ ዛጎሉን፣ ኖራውን። አንገቷን ትነቀንቃለች እንጂ እንዳልገባት አየሁ፤ ገል ምን እንደሆነ አታውቅም፣ ኖራንም አታውቅም፣ የሽማግሌ ወሬ መስሏት ስልኳን ሁለት ጊዜ አየች። ስለዚህ ተውኩትና በዕብራይስጥ አልኳት፤ ያን ቀን ለሩት ልላት የሚገባኝን፦ «አኒ ዒርባቭቲ ኤት ሃኾል።» አሸዋውን የደባለቅሁት እኔ ነኝ። አራት ቃል ናት። ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እንኳ የማትከብድ ዕብራይስጥ።

ኦርሊ ሳቋ ጠፋ። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ሳፍታ ታውቅ ነበር?»

«ታውቅ ነበር።»

«እስከ መጨረሻው?»

«እስከ መጨረሻው።»

«በለቅሶው ላይ እኮ ነበርክ» አለችኝ። ይህንን በአማርኛ ነው ያለችው፤ ጥርት ባለ የጎንደር አማርኛ፣ ከማን እንደተማረችው ግልጽ ነው። ስልኳን አንስታ የጻፈችውን በአንድ ጣቷ ስታጠፋ አየኋት፣ መስመር በመስመር፤ ከዚያ ሳትሰናበተኝ ተነስታ ወጣች።

ብዙ ነገር ከልጅነቴ ወድቆ ቀርቷል፤ የመንደራችንን ወንዝ ስም እንኳ አሁን አስቤ ነው የማገኘው። የቀረልኝ የእነዚያ ምሽቶች አምፖል፣ ቀዩ አቧራና የእሷ ድምፅ ነው። ተረቶቿን ስሰማ የተማርኩ ይመስለኝ ነበር፤ ከሰማሁት እስከ ሆንኩት ድረስ ያለውን ርቀት ግን እንደ እኔ ያለ ቆጣሪ ሰው እንኳ ቶሎ አይለካውም። በሩን ክፍት ትታው ስለሄደች ደረጃውን ስትወርድ ሰማኋት፤ ለእናቷ ደውላ ነበር፣ ድምፅዋ በደረጃው ውስጥ ያስተጋባል። «ኢማ፣ ሳፍታ አይደለችም» ትላለች። «እሷ አይደለችም፣ ባዬ ነው። ባዬ ነው ያበላሸው።»

ስሜን ያለ «ጋሼ» ስትጠራ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው። ከወንበሬ ሳልነሳ እስክትርቅ አዳመጥኳት።